የልምምድ ቁራጭ መሳቢያ ውስጥ አይደር

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ስፌት ለሚማሩ የማኅበረሰባችን አባላት ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እናቶቻችን ከፊት ስለተቀመጣችሁልኝም ደስ ብሎኛል። ስለ ስፌት እናንተ ፊት ማውራት ያስፈራል። ብዙዎቻችሁ መርፌ የያዛችሁት እኔ ሳልወለድ ነው።

ነገሬን በዚች ጨርቅ ልጀምር። ከኋላ ላላችሁት ከፍ አደርጋታለሁ። ርዝመቷም ስፋቷም 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ፊቷ ግራጫ፣ ገበሯ ነጭ፣ መሃሏ ጥጥ ነው። በቀይ ክር ነው የተሰፋችው። ፊቷን ስታዩዋት ደህና ትመስላለች። መስመሩ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ አንዳንድ ቦታ ጠበብ፣ አንዳንድ ቦታ ሰፋ ይላል። አሁን ልገልብጣት። ጀርባዋ ላይ መስመሩ በታጠፈ ቁጥር ክሩ እየተንዘላዘለ ወጥቷል። የዓይን ሽፋሽፍት ይመስላል። ክዊልት የሚባለውን ባለ ሦስት ንብርብር ስፌት የሚሠሩ አሜሪካውያንም ስሙን «ሽፋሽፍት» ነው የሚሉት።

ይቺ ክዊልት መስፋት ስጀምር የመጀመሪያ ቀን የልምምድ ሥራዬ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተኝታ ነበር። ከእሷ በኋላ የመጡት የልምምድ ቁራጮች ሁሉ እሷ ላይ እየተደረቡ መሳቢያው አልዘጋ አለ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ መሳቢያ ነው።

ለአዲሶቹ ትንሽ ላስረዳ። ክዊልት ማለት ሦስት ንብርብር ነው። ከላይ ፊቱ፣ ከታች ገበሩ፣ መሃል ላይ ባዘቶው። እዚህ አገር ባዘቶው ተዳምጦና ተጠቅልሎ እንደ ጨርቅ በያርድ ይሸጣል። ሦስቱን የሚያያይዛቸው ስፌት ነው። ቀጥ ባለ መስመር መስፋት ይቻላል፤ እሱ ብዙ አያስቸግርም። ፍሪ ሞሽን የሚሉት ግን ሌላ ነገር ነው። ከመርፌው ሥር ጨርቁን ወደ ኋላ የሚስቡትን ጥርሶች ዝቅ ታደርጋላችሁ። የተለመደውን እግር ታወጡና ከመርፌው ጋር ብድግ ቁጭ የሚል ሌላ እግር ትገጥማላችሁ። ከዚያ በኋላ መኪናው መርፌውን ከማውጣትና ከማውረድ ሌላ ሥራ የለውም። ጨርቁን የሚነዳው የእናንተ እጅ ነው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ፣ ክብ፣ ቅጠል፣ የወፍ ላባ፣ የፈለጋችሁትን።

ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጥልፍ ሠሪ አጠገብ የቆመ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። የቀሚሱን ጨርቅ በክብ መወጠሪያ ይወጥረዋል። ከዚያ በሁለት እጁ እያሽከረከረ መስቀሉንና ሐረጉን በመኪና ያወጣል። ያ ሰው የሚሠራው ፍሪ ሞሽን ነው፤ በዚህ ስም አይጠራውም እንጂ። እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ ቀሚስ ልታሠራ ስትሄድ አብሬ ሄጄ አፌን ከፍቼ አይ ነበር። የእጁ ፍጥነትና የመኪናው ፍጥነት እኩል ነበር። አሁን ሳስበው ጠቅላላ ሚስጥሩ እሱ ነው። እጅ ከመኪና ከፈጠነ ስፌቱ ይረዝማል። ከዘገየ ደግሞ ክሩ አንድ ቦታ ይቋጠራል።

የእኛ የሚከብደው ጨርቃችን ሦስት ንብርብር በመሆኑ ነው። ወፍራም ነው። ብዙዎቻችን በክብ አንወጥረውም። በመዳፋችን ተጭነን ነው የምንነዳው። ስለዚህ ልምምድ ይፈልጋል፤ ብዙ ልምምድ። በቀን 15 ደቂቃ የምትለማመድ ሴት በወር ውስጥ አንድ ክምር ቁራጭ ይኖራታል። አንድ ያርድ ጥሩ የጥጥ ጨርቅ ዛሬ ከ10 ዶላር በላይ ነው። ባዘቶውም ርካሽ አይደለም። እንዳትጥለው ገንዘብ የወጣበት ነው። እንዳታሳየው ጠማማ ነው። መሳቢያ የሚሞላው እንዲህ ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። ቁራጩን አውጡና ሥራ ላይ አውሉት። ለቁጠባ ብዬ ብቻ የምለው እንዳይመስላችሁ። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ቁራጭ ከሚያስተምራችሁ ግማሹን ደብቆ ነው የተቀመጠው። ያንን ግማሽ የምታውቁት ጨርቁ ማጠቢያ ሲገባ፣ ትኩስ ድስት ሲነካው፣ ልጅ ሲጎትተው ነው።

እንዴት እንደተማርኩት ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ደህና ከሚመስሉት ቁራጮች ሁለቱን ጠርዛቸውን ዘምዝሜ ጠረጴዛ ላይ ሳህን ማስቀመጫ አደረግኋቸው። ፊታቸው ቆንጆ ነበር። ጀርባቸው ላይ የታችኛው ክር እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ይሄ ምን ያመጣል ብዬ ተውኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስታጠብ አንደኛዋ ክሯ ተመዞ ብቅ አለ። ጫፉን ሳብ ሳደርገው የጤፍ ጆንያ አፍ እንደሚተረተር ሙሉ መስመሩ ተተርትሮ ወጣ። እጄ ላይ አንድ ረጅም ክር ብቻ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ የላይኛውንና የታችኛውን ክር ውጥረት ሳላስተካክል ሰፍቼ አላውቅም። መምህሬ አሥር ጊዜ ነግራኝ ነበር። የገባኝ ግን ማጠቢያው ሲነግረኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ክሩ ጀርባው ላይ እንደ ሽፋሽፍት ከተንዘላዘለ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ላልቷል፤ ወይም ኩርባ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ከመኪናው ፈጥኗል። የታችኛው ክር ቀጥ ብሎ ከተኛም የላይኛው አልያዘውም ማለት ነው። ስትጀምሩ የታችኛውን ክር ወደ ላይ ስባችሁ አውጡት። ከዚያ አራት አምስት ጥቃቅን ስፌት አንድ ቦታ ላይ ስፉ። ቋጠሮው እሱ ነው። ስትጨርሱም እንዲሁ። የስፌቱ ቁመት ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ወይም ሦስት ቢሆን ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልሂድ። አንዲት የምወዳት ጓደኛዬ ቤቴ መጥታ ቁራጮቹን አየችና «ይሄ ሁሉ ድሪቶ ምንድነው?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ቃሉ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ድሪቶ ስንል ምን እንደምናስብ ሁላችንም እናውቃለን። ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየተደረተ የተሰፋ፣ ቀለሙ የማይገጥም፣ የችግር ልብስ። አያቴ ቤት አንድ ድሪቶ ነበረች። የአያቴ አሮጌ ቀሚስ፣ የአጎቴ ካኪ ሱሪ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰማያዊ ነገር ሁሉ ነበረባት። እንግዳ ሲመጣ ተጠቅልላ ከአልጋ ሥር ትገባለች። ማታ ግን ከጋቢው በላይ የምንለብሳት እሷን ነው። ክብደቷ እስካሁን ትከሻዬ ላይ አለ። ማን እንደሰፋት ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ብትኖረኝ ግድግዳ ላይ ነበር የምሰቅላት።

እዚህ አገር የሰቀሉ አሉ። አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። የአላባማ ወንዝ በሦስት በኩል ይዞራታል። እዚያ የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከባርነት ዘመን ጀምሮ ብርድን የሚከላከሉት ከሥራ ልብስ ቁራጭ በሰፉት ክዊልት ነበር። ጉልበቱ ያለቀ ጂንስ፣ የዱቄት ከረጢት፣ የተቀደደ ሸሚዝ። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን ቆራርጣ ክዊልት ሰፋችበትና ተሸፈነችው። በ1966 የዚያ አካባቢ ሴቶች አንድ የክዊልት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በ1972 ሲርስ ለሚባለው ትልቅ የመደብር ድርጅት የትራስ ልብስ እንዲሰፉ ሥራ መጣላቸው። ጨርቁ ኮርዱሮይ ነበር፤ ያ ጎድጎድ ያለ መስመር ያለው ወፍራም ጨርቅ። ከትራሱ የተረፈውን ቁራጭ አልጣሉትም። በየቤታቸው ወስደው ክዊልት አደረጉት። ዛሬ ከዚያ ከተረፈው የተሠሩት በሙዚየም ይታያሉ። በ2002 ሥራዎቻቸው በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ለሕዝብ ቀረቡ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አደረጋቸው።

እዚሁ ዋሽንግተን፣ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ደግሞ ሃሪየት ፓወርስ የሠራችው አንድ ክዊልት አለ። በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። በአሥራ አንድ ሥዕል መጽሐፍ ቅዱስን በጨርቅ ተርካበታለች። አዳምና ሔዋን አሉ፤ ቃየልና አቤል፤ የያዕቆብ ሕልም፤ ስቅለቱ። በ1886 አንድ የጥጥ ትርኢት ላይ አቅርባው አንዲት የሥዕል መምህርት ልግዛው ብትላት አልሸጥም ብላ ነበር። በኋላ ችግር ሲጠናባት አሥር ዶላር ጠየቀች። የተከፈላት አምስት ነው። ከሸጠችው በኋላም ልታየው ትመላለስ ነበር። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ይህን ያነሣሁት የእኛን ጠማማ ቁራጭ ከእነሱ ሥራ ጋር ለማወዳደር አይደለም። ድሪቶ የሚለውን ቃል እንዳትፈሩት ነው። መደረት ሥራ ነው። ደግሞም የእኛው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ነገር ይህ ነው፦ ቁራጩ ምን እንደሚሆን መርፌው ሳይነካው በፊት እወስናለሁ። ድሮ ያገኘሁትን ጨርቅ እቆርጥና እለማመድበት ነበር። ከዚያ «ይሄ ምን ይሁን?» እያልኩ እጨነቅ ነበር። አሁን ተገልብጧል። ዛሬ የምለማመደው ለድስት መያዣ ነው ካልኩ ጨርቁን 25 በ25 ሳንቲ ሜትር እቆርጠዋለሁ። ሰፍቼ ስጨርስ 22 በ22 አድርጌ አስተካክለዋለሁ። ሳህን ማስቀመጫ ከሆነ 35 በ50 ቆርጬ 30 በ45 ላይ አቆማለሁ። ትርፍ የምተወው ስፌት በበዛ ቁጥር ጨርቁ ስለሚሰበሰብ ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ እጅ የሚይዝበት ቦታ ያስፈልጋል።

ከመስፋታችሁ በፊት ሦስቱን ንብርብር ወስውሱት። በመርፌ ቁልፍ ማያያዝም ይቻላል። ሰነፍ ስንሆን ይሄንን ነው የምንዘለው። ጀርባው የሚጨማደደው ያኔ ነው።

የስፌቱን ዓይነትም ከሚሆነው ነገር ጋር አዛምዱት። ስፌት ሲጠጋጋ ጨርቁ ይደርቃል፤ ሲራራቅ ይለሰልሳል። ጠጠር በጠጠር ላይ የመሰለ ጥቃቅን ክብ የምትለማመዱ ከሆነ ያ ጨርቅ እንደ ካርቶን ነው የሚሆነው። ለሕፃን ምንጣፍ አይሆንም። ለቦርሳ መቀመጫ፣ ለሙዳይ፣ ለማቶት ግን ግሩም ነው። ሰፋ ሰፋ ብሎ የሚጠማዘዘው ስፌት ደግሞ ለልጅ፣ ለድመት፣ ለትራስ ይሆናል።

ስለ ማቶቱ ትንሽ ልቆይ፤ ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። እዚህ አገር ጀበና አለን፤ ስኒ አለን፤ ረከቦትም ከአገር ቤት እናስመጣለን። ማቶት ግን ይጠፋል። ስንቱ ቤት ሄጄ ጀበና በታጠፈ ፎጣ ላይ ተደግፎ አይቻለሁ። 35 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰፋ ቁራጭ ውሰዱ። ከረጅሙ ጎን ጀምራችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። ወፍራም ገመድ ይሆናል። በእጅ መርፌ፣ በወፍራም ክር፣ በየሁለት ጣቱ ያዙት። ከዚያ ክብ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ አጋጥሙና ስፉት። መጋጠሚያው ያስቸግራል፤ ጫፎቹን ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ይረዳል። በላዩ ላይ ቀጭን የጨርቅ ጥብጣብ ዙሪያውን ጠምጥሙበት። መሃሉ ላይ ስድስት ሰባት ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይቀራል። የጀበናው ቂጥ ልክ ይገባበታል። ከሰል ላይ የምታፈሉ ካላችሁ ጥብጣቡን ጥቁር ወይም ቡናማ አድርጉት፤ ጥላሸቱ አያስታውቅም። ጠማማ ስፌታችሁን ማንም አያየውም፤ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀርቷል። ጀበናው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ይቺ መጀመሪያ ያሳየኋችሁ ባለሽፋሽፍቷ ቁራጭም ከእንግዲህ ማረፊያዋ ይሄው ነው። ዛሬ ሁላችሁም ፊት እጠቀልላታለሁ።

ትኩስ ነገር የሚነካ ሁሉ ግን አደራ፣ ሙሉ በሙሉ ጥጥ ይሁን። ፊቱም፣ ገበሩም፣ ባዘቶውም፣ ክሩም። ፖሊስተር ይቀልጣል። እኔ በአንድ የልምምድ ቁራጭ የሽሮ ድስት ከምድጃ አንሥቻለሁ። መሃሉ ምን እንደሆነ አላጣራሁም ነበር። ሙቀቱ ወዲያው አለፈብኝ። ድስቱን እንደምንም አስቀመጥኩት። ጨርቁን ስከፍተው ውስጡ ተጨማድዶ፣ ተጣብቆ፣ እንደ ፕላስቲክ ሆኖ ነበር። እጄ ላይ የቀረው ምልክት ትንሽ ነው፤ ልጅ ቢሆንስ ኖሮ?

ምንነቱን የማታውቁት ጨርቅ ወይም ባዘቶ ካላችሁ ጣት የምታክል ቆርጣችሁ በወረንጦ ያዙና ውኃ ያለበት ገንዳ ላይ አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ ሽታውም የወረቀት ነው። የሚቀረው ለስላሳ አመድ ነው። ፖሊስተር ግን ይኮማተራል፤ ይንጠባጠባል፤ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ለድስት መያዣ የጥጡን ባዘቶ ሁለት ድርብ አድርጉት። አንዱ አይበቃም።

ባዘቶ ውድ ነው ካላችሁ አሮጌ ጋቢ የላችሁም? ጋቢ አራት ድርብ ነው። መሃል ለመሃል የሳሳ፣ ዳር ዳሩ ገና ያለ ጋቢ በየቤቱ አለ። ዳር ዳሩን ቆርጣችሁ መሃል አስገቡት። መጀመሪያ እጠቡት፤ ከሱፍ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለም ስላለ ያንኑ የእሳት ሙከራ አድርጉለት። ንጹህ ጥጥ ከሆነ ከእሱ የተሻለ የድስት መያዣ አላየሁም። የምጣድ አክንባሎ ስታነሡ እንፋሎቱ እጃችሁን አያገኘውም። ባለፈው አንዲት እናት «የእናቴን ጋቢማ በመቀስ አልነካም» አሉኝ። ልክ ናቸው። የሚቆረጥ ጋቢና የማይቆረጥ ጋቢ አለ። ያንን ባለቤቱ ያውቃል።

የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች እጃቸውን የሚያፍታቱበት ትንሽ ምንጣፍም ይሠራል። ይሄ እዚህ አገር የተለመደ ነገር ነው። እኔ የሠራሁት ለአንድ ጓደኛዬ እናት ነው። እማማ ቀኑን ሙሉ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ሲያፍተለትሉ ይውላሉ። ጥለቱ እስኪተረተር ድረስ። ሦስት የልምምድ ቁራጭ አጋጠምኩና ጭናቸው ላይ የሚያርፍ አንድ ሰፊ አደረግኩት። አንዱ ላይ ትልቅ ጥርስ ያለው ዚፕ ሰፋሁበት። አንዱ ላይ ኪስ አወጣሁና ውስጡ ለስላሳ መሃረብ በጥብጣብ አሰርኩ። ሦስተኛው ላይ ከአሮጌ ነጠላቸው የተቆረጠ ጥለት አደረግኩበት፤ ዳር ዳሩን አጥብቄ፣ ዘርፉን ሳልነካ። ዚፑን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉት። ኪሱን አላዩትም። ጥለቷ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ዘርፉን ያዙና አንድ በአንድ ይቆጥሩት ጀመር። ልጃቸው ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

የፍሪ ሞሽኑ ስፌት ራሱ እዚህ ይጠቅማል። ጠማማውም ጭምር። ጣት የሚከተለው መስመር ነው የሚፈለገው። ሊወልቅ የሚችል ትንሽ ቁልፍና ዶቃ ግን አታድርጉበት፤ ወደ አፍ ይሄዳል።

ለእንስሳት መጠለያ የሚሰጥም አለ። ብዙ መጠለያዎች ለድመትና ለትንሽ ውሻ የሚነጠፍ ምንጣፍ ይቀበላሉ። 30 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነው ለድመት ሳጥን ይስማማል። ደውላችሁ ጠይቁ፤ የየቤቱ ደንብ ይለያያል። ቁልፍ፣ ዚፕና የተንጠለጠለ ክር አይኑርበት፤ ይውጡታል። ለሆስፒታል ሕፃናት ልስጥ የምትሉም መጀመሪያ ሆስፒታሉን ጠይቁ። መጠኑንም፣ ጨርቁንም፣ አጥቡ የሚሉበትንም መንገድ እነሱ ይወስናሉ።

የስኒ ማስቀመጫ፣ የመነጽር ቤት፣ የደብተር ልብስ፣ የመርፌ መሰኪያ፣ ከስፌት መኪናችሁ ሥር የሚነጠፍ ምንጣፍ፤ እነዚህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። እጃችሁ ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

በጣም የተበላሸውስ? ክሩ የተበጣጠሰ፣ ጀርባው ጉንጉን የሆነ? ሁለት ነገር አደርገዋለሁ። አንዱ እላዩ ላይ እንደገና መስፋት ነው። ሌላ ቀለም ክር አስገብታችሁ በአሮጌው ላይ ሌላ ልምምድ ስፉ። ከዚያም ሦስተኛ። ክር በክር ላይ ሲደራረብ ጨርቁ ቀለሙ ይለወጣል፤ እየደረቀም ይሄዳል። ከእንደዚያ ዓይነቱ ነው ይቺን ክዳን ያላትን ሙዳይ የሠራሁት። መርፌዬን አስቀምጥባታለሁ። ሌላው ባዘቶ ማድረግ ነው። ሁለት ደህና ጨርቅ መሃል አስገብታችሁ የወንበር መደገፊያ ስፉት። ስፌት ለሥራ እንጂ ለዕይታ ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ሆኖም ያገለግላል።

ከመሳቢያው የሚቀርም አለ። ከየወሩ አንድ ቁራጭ ብቻ አስቀሩ። ጥግ ላይ በማይለቅ ብዕር ቀኑን፣ የመርፌውን ቁጥር፣ የክሩን ዓይነት፣ የውጥረቱን ቁጥር ጻፉበት። እኔ በ90 መርፌ፣ ቁጥር 50 የጥጥ ክር ይዤ ውጥረቱን ስንት ላይ እንዳደረግሁ ከቁራጩ ነው የማነበው። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ክር ስትይዙ ከዜሮ አትጀምሩም።

ስጦታ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። ብዙ ሰው የመጀመሪያ ሥራውን ወዲያው ለሰው መስጠት ይፈልጋል። እኔ እምቢ እላለሁ። ሦስት ጊዜ ያልታጠበ ነገር ለሰው አልሰጥም። ማጠቢያውን ካለፈ፣ ክሩ ካልተመዘዘ፣ ጠርዙ ካልተፈታ፣ ያኔ ይሰጣል። የጥጥ ባዘቶ ሲታጠብ ከመቶ ሦስት እስከ አምስት እጅ ስለሚሰበሰብ ጨርቁ ትንሽ ይኮማተራል። አይክፋችሁ። ያ ኩምትርትር ጠማማውን ስፌት ይደብቀዋል። አዲስ ሳለ የሚያስታውቀው ስህተት ከታጠበ በኋላ ፈልጋችሁም አታገኙትም።

«ክሩን ከጨርቁ ጋር አንድ ቀለም ባደርገው አይሻልም? ስህተቱ አይታይም» ያለችኝ እህት አለች። ለሚሰጥ ነገር አዎ፣ አንድ ቀለም አድርጊው። አበባ አበባ ያለበት ጨርቅ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይሸሽጋል። ለልምምድ ግን ቢያንስ በጀርባው በኩል የተለየ ቀለም ይሁን። ያላየሽውን አታርሚም። እኔ ፊቱን አበባማ፣ ገበሩን ነጣ ያለ አደርገዋለሁ። ለእንግዳ ፊቱን አሳያለሁ። ጀርባውን ለራሴ አነባለሁ።

ሌላ ጥያቄ ካለ እየሠራን እናወራለን። ቡናው እስኪፈላ ግማሽ ሰዓት አለን። ከግድግዳው ሥር ያሉት አራቱም መኪናዎች ክር ገብቶላቸዋል፤ ጥርሳቸውም ዝቅ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ የተቆረጡና የተወሰወሱ ጨርቆች አሉ። እያንዳንዱ ጥግ ላይ ምን እንደሚሆን በጠመኔ ጽፌበታለሁ። ማቶት የምትሠሩ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። የድስት መያዣ የምትሉ ወደ መስኮቱ። እትዬ፣ እርስዎ እዚሁ ከእኔ አጠገብ ይሁኑልኝ፤ ይቺን ባለሽፋሽፍቷን አብረን እንጠቅልላት።